ከጅዳ ተሸክሜ ያመጣሁት ቴሌቪዥን

ባለፈው ሐሙስ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንድ «አሚን» ሰማሁና ቆሎ የዘገነው እጄ አፌ ሳይደርስ ቀረ። እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ የሰፈራችን ሽማግሌ ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። እኛ ሴቶቹ ከቆርቆሮ አጥሩ ወዲህ፣ ወንዶቹ ወዲያ፣ እንደ ወጋችን ተቀምጠናል። ሸኹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ አሚን ይላል። ከሁሉም በኋላ ግን አንዱ ብቻውን ይቀራል። ሰው ጨርሶ ዝም ሲል እሱ ገና ይጀምራል፤ «አሚኢኢን» ብሎ ይጎትተዋል፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ የሚጠይቅ ይመስል ከፍ ያደርገዋል። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ «ምን ሆንሽ እቴ ሐዋ፣ ቆሎው አነቀሽ እንዴ?» አለችኝ። አላነቀኝም። ያን አሚን አምስት ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔም ከግድግዳ ወዲያ ነበር። ሰውየውን መንገድ ላይ ባገኘው ፊቱን ላላውቀው እችላለሁ፣ አሚኑን ግን ከሺህ ሰው መሐል ለይቼ አወጣዋለሁ።

ጅዳ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ስሄድ በዑምራ ነበር፤ ዑምራዬን ጨርሼ መካ፣ ነካሳ የሚሉት ሰፈር ዳገቱ ላይ፣ ያገሬ ልጆች ቤት ቀረሁ፤ ኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅዳ ወረድኩ። ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት በሰው እጅ አየሁት እንጂ የኔ ብዬ ይዤው አላውቅም። ሳፋ የሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት ማዳም ቤት እሠራለሁ፤ ጧት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ፣ ዓርብ የኔ ነው። ወይ ዓርብ! ታሚስ የሚሉት ሰፊ ዳቦ ከምድጃው ሲወጣ ሽታው መንገዱን ይሞላዋል፤ ያኔ ዳቦው በአንድ ሪያል፣ ፉሉ በሁለት ሪያል፣ ለአራት ሴት ተርፎ ይበቃል። ከዚያ ባብ መካ ገበያ ወርደን አባያ እናገላብጣለን። ፋሽኑ እጅጌው ላይ ፈርጥ የተለጠፈበት ነበር፣ በሠላሳ አምስት ሪያል። ሁለቴ ሲታጠብ ፈርጡ ይረግፋል፤ የክፍል ጓደኛዬ ሰዓዳ የረገፈውን ከመሬት እየለቀመች በመርፌ ትመልሰው ነበር። አሁንም እዚህ ገበያ ላይ እንደዚያ ያለ አባያ ሳይ ቆሜ እጅጌውን እዳስሰዋለሁ፤ ሻጩ ልትገዛ ነው ብሎ ዋጋ ሲጠራ ስቄ እሄዳለሁ። የታጠበ ልብስ የማይደርቅበት፣ ግድግዳው የሚያልበው ከተማ ይናፍቃል ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ይናፍቃል እንጂ! ሰው የተቃጠለበትንም ምድጃ ይናፍቃል።

ቤታችን ከልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ነበር። ኢቃማ ያለው አንድ ባለትዳር የወሎ ሰው በስሙ ተከራይቶ እኛን አስጠጋን፤ ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል፣ ወንዶቹ ደግሞ ከጎን ያለው ክፍል። በራቸው ግን በሌላኛው ደረጃ በኩል ነው። የምንጋራው ግድግዳውን ብቻ ነበር። አምስት ዓመት አብረን ስንኖር የወንዶቹን ክፍል ደፍ አልረገጥኩም፤ እነሱም የኛን። ደረጃው ሥር ብንገናኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው «አሰላሙ ዓለይኩም እታለም» ብለው ያልፋሉ። ማንም አዞን አይደለም፤ ያደግንበት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የኋላ ጥፋቴ ከዚህ የመጣ ነው።

ቴሌቪዥኑን የሰጠችኝ ማዳሜ ናት። ባሏ ግድግዳ የሚያህል አዲስ ሲገዛላት «ያ ሐዋ፣ ይሄን ውሰጂው» አለችኝ። እኔና ሰዓዳ ታክሲ ውስጥ ጉልበታችን ላይ አስተኝተን፣ እንደ ታመመ ሰው እየደገፍን አመጣነው። መጀመሪያ ከዲሹ የሚመጣውን ብቻ ነበር የምናየው፤ በዓረብኛ የሚናገሩ የቱርክ ድራማዎች፣ ሴትየዋ ሁልጊዜ የምታለቅስባቸው። ወንዶቹ ጋ ደግሞ እንድሪስ የሚባል የሐርቡ ሰው ነበር። ጅዳ ወደብ ካርቶን ሲያወርድ የሚውል፣ እጁ ግን ብልህ። ካገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ኮምፒዩተር ገዝቶ ካገር የሚመጣውን ሠርጉንም መንዙማውንም ያከማችበታል ይሉናል፤ ኮምፒዩተሩን እንኳ እኛ አይተነው አናውቅም። አንድ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ በግድግዳው ይጮሃል፦

«እታለም ሐዋ! ሪሞቱን ያዢማ!»

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«አንቺ ብቻ ያዢ። ቤት የሚመስለውን ምልክት ተጫኚ። አሁን ወደ ታች ውረጂ። ምን ይላል?»

«የፈረንጅ ፊደል አላነብ፣ ምን ልበልህ! ብዙ ነገር ይላል።»

«ሦስተኛው ላይ ቁሚና ተጫኚው።»

ተጫንኩት። ከሦስት ወር በፊት ገርባ የተሠረገው የሰዓዳ ያክስት ልጅ ሠርግ፣ ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ ቴሌቪዥናችን ላይ ብቅ አለች። ያለ ሽቦ፣ ያለ ሲዲ! ያወጣነውን እልልታ ልብስ ሰፊው ሰምቶ «ማን አገባ?» እያለ ደረጃው ሥር መጣ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ከሰዓት የቴሌቪዥን ሆነ። ግድግዳውን ሦስቴ አንኳኳለሁ፤ እንድሪስ ሁለቴ ይመልሳል፤ «ከፈትኩ» ማለቱ ነው። ማንበብ ስለማልችል ለእያንዳንዱ ሥዕል አደረገልኝ፦ ለሠርግ አበባ፣ ለመንዙማ መስጊድ። አንዳንዴ ወንዶቹ በስልካቸው ካገር ሲያወሩ መስመሩ ይደክምና ሙሽራዋ አፏን እንደከፈተች ቀጥ ትላለች፣ አንድ ክብ ነገር መሐል ላይ ይሽከረከራል። ያኔ ግድግዳውን በጫማ እንደበድባለን፤ «ስልካችሁን ዝጉ! ሙሽራዋን አንቃችኋት!» እነሱ ይስቃሉ፣ እኛም እንስቃለን። አሁን ሳስበው ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን የመሰለኝ ሠርጉን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጭኖልን፣ እሱ የሚከፍተው መስመሩን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ውኃ ቧንቧ። አጠያይቄም አላውቅም፤ የሚሠራ ነገር ማን ይጠይቃል?

ከዚያ እማ መጣች።

የአጎቴ ልጅ በስልኩ ቀድቷት፣ ጥፍር በምታክል ካርድ ባገር ሰው እጅ ላካት። እናቴን ካየኋት ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መጀመሪያ በሰዓዳ ስልክ አየኋት፣ ፊቷ የአውራ ጣቴን አይሞላም፤ ሻሿም መሐል ላይ ይወልቃል። ካርዷን ቤቱን በተከራየልን ሰው በኩል ወደ እንድሪስ ከመላኬ በፊት በግድግዳው ጠራሁት፦

«እንድሪስ፣ እናቴ ሻሿ ወልቋል። ስትጭነው እንዳታያት።»

«ወላሂ አላያትም።»

«እየው ነግሬሃለሁ!»

«ወላሂ አልኩ እኮ እታለም! ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጭንልሽ።»

ለሷ ጨረቃ አደረገላት። ጨረቃዋን ተጫንኩ፣ እማ ግድግዳውን ሞልታ ወጣች። ፎቶ መስሏታል ምስኪን። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ብዙ ደቂቃ። ኋላ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «አነሳኝ?» ትላለች። የአጎቴ ልጅ «ተናገሪ እንጂ፣ ድምፅ ይቀዳል!» ይላታል። «ለማን?» «ለሐዋ!» «የታለች?» ብላ ዞር ስትል ነው ሻሿ የሚወልቀው። ዞራ ትፈልገኛለች፤ በሩን፣ ጓዳውን ታያለች። እዚያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ «አለሁ እማ» እላለሁ። ስታጣኝ ጊዜ ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ ትጀምራለች፦ «አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። የወጣሽበትን በር መግቢያሽ ያርገው። ላብሽን በረካ ያልብሰው። የሰው አገር አፈር አይብላሽ። ጎረቤትሽን ደግ ያርግልሽ።»

ዱዓ ተደርጎ ዝም አይባልም። ስድስታችንም እጃችንን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተን አሚን እንላለን። «ጎረቤትሽን ደግ ያርግልሽ» ስትል ግን፣ እኛ ከመጨረሳችን ከግድግዳው ወዲያ ያ የተጎተተ አሚን መጣ። «አሚኢኢን!» ሴቱ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ሰዓዳ «የራሱን ድርሻ ሰማ፣ ለራሱ አሚን አለ!» አለች። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እንደዚያ ሆነ፤ እማ ጎረቤቴን ትመርቃለች፣ ጎረቤቴ አሚን ይላል። ሰው ብዙ አውርቷል፤ «ሐዋና እንድሪስ» ብለዋል። ምንም አልነበረም፤ ግድግዳ ነበር። ወደድሽው ወይ ካላችሁኝ፣ ዓርብን እወድ ነበር፣ ያን አሚን እጠብቀው ነበር። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

ካርዷ በመጣች በሦስተኛው ዓመት እማ አረፈች። ስልክ ተደወለልኝ፣ ለቅሶውን እዚያው ክፍሌ ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ሰዓዳ «ዛሬ ይቅርብሽ» አለችኝ፤ እኔ አንኳኳሁ። የአጎቴ ልጅ ያን ስልክ ሸጦታል፤ ካርዷንም ከእንድሪስ ከተመለሰችልን በኋላ ሰዓዳ መንዙማ ሞልታባታለች፣ ማን ይህ ይመጣል ብሎ። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ እናቴ የምትነቃነቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጨረቃዋ ውስጥ። ጨረቃዋ ደግሞ እኔ እንደማውቀው ቴሌቪዥኔ ውስጥ ናት።

ከዚያ ያ የአፈሳ ዘመን መጣ። ወረቀት የሌለው ይውጣ ተባለ፣ የተሰጠው ጊዜ አለቀ፣ በየመንገዱ ፍተሻ ሆነ። ታሚስ ልትገዛ የወጣች ሴት ሳትመለስ ትቀራለች። ማዳሜ «ኸላስ ያ ሐዋ፣ እኔም ፈራሁ» ብላ፣ አልቅሳ አሰናበተችኝ። ቤቱን የተከራየልን ሰውም የሕንፃው ባለቤት አስጠንቅቆት «እህቶቼ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለን፤ አልፈረድኩበትም። ወንዶቹ ሰው የሌለ ለማስመሰል ድምፃቸውን አጥፍተው፣ በራቸውን ከውጭ በቁልፍ አስቆልፈው ተደብቀዋል። ስልክ የለ፣ ሳቅ የለ፤ ግድግዳው የሞተ ያህል ዝም አለ። እኔና ሰዓዳ እጃችንን ልንሰጥ ቆረጥን። ሰው ሁሉ ልብሱን፣ ድስቱን፣ የሕፃን ጋሪውን ይጠቀልላል። እኔ ሻንጣዬን ከነልብሱ ትቼ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፣ በአባያ መቀነት አሰርኩ። ሰዓዳ «አብደሻል? ልብስሽን ያዢ!» ስትለኝ «እናቴን ለማን ልተዋት?» አልኳት። እሷም እንደኔ ነበር የሚመስላት።

ስንወጣ ጧት ነበር። ደህና ሁኑ ብዬ ልጮህ አልችልም፣ ሰው ይሰማል። በሌላው ደረጃ ዞሬ የወንዶች በር ላይ ልቆም አልችልም። ግድግዳውን በጣቴ ሦስቴ ነካ ነካ አደረግኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም በቀስታ፣ ሁለቴ ተመለሰልኝ። በሰላም ግቢ ያለኝ መሰለኝና ዓይኔን በአባያዬ እየጠረግኩ ወረድኩ።

የሰበሰቡን አዳራሽ ውስጥ የቆየነውን ሳምንታት አላወራም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ይበቃል። አንዲት እመጫት ሕፃኗን የምትጠቀልልበት አጣች። ከቴሌቪዥኑ ላይ ብርድ ልብሱን ፈትቼ ሰጠኋት፣ ቴሌቪዥኑን በራሴ ሻሽ ሸፈንኩት። ጥበቃው አይቶ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

ኮምቦልቻ የወንድሜ ቤት ስገባ ውኃ ሳልጠጣ ነው ቴሌቪዥኑን የሰካሁት። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል፤ «ቁጭ በሉ፣ እማን አሳያችኋለሁ» ብያለሁ። ቤት የሚመስለውን ምልክት ተጫንኩ፣ ወደ ታች ወረድኩ። አበባ የለም፣ መስጊድ የለም፣ ጨረቃ የለም። ባዶ ሰማያዊ ነገር። መስመር ስለሌለ ነው ብዬ መስመር አስገባሁ፤ ባዶ። ቴሌቪዥን ሠሪ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። ጀርባውን ፈትቶ አየና «እትዬ፣ ይሄ የሚያሳይ ነው እንጂ የሚያስቀምጥ አይደለም። ያዩት ሁሉ ከሌላ ኮምፒዩተር እየመጣ ነው» አለኝ። «ዋሸህ! ከፍተህ አወጣሃት! እናቴን መልስልኝ!» ብዬ አንገቱን ያዝኩት። ገበያው ተሰብስቦ አላቀቀን። ሠሪው ደግ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝና ሥዕሉ በአየር ላይ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚሄድ በሁለት እጁ እያሳየ አስረዳኝ። ያኔ ገባኝ። አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ የነበረችው ደፉን ያልረገጥኩት ክፍል ውስጥ ነው። ለመንደሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆንኩላቸው። እማ የለመነችልኝ ሁሉ ሰመረ፣ የወጣሁበት በር መግቢያዬ ሆነ፣ የሰው አገር አፈር አልበላኝም። እሷ ግን የለችም። የእንድሪስን አድራሻ ማንም አያውቅ፤ ሐርቡ ድረስ አስጠይቄ «ከዚያ አልተመለሰም» አሉኝ። ቴሌቪዥኑን እስከ ዛሬ ሻሼን አልብሼ አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ሐሙስ ለት ያን አሚን የሰማሁት ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሜ ነው። ቆሎውን አስቀመጥኩና ተነሥቼ የቆርቆሮ አጥሩን ሦስቴ አንኳኳሁ። ሴቶቹ አፍጥጠው አዩኝ። ከወዲያ ማዶ ቆርቆሮው ሁለቴ ተንኳኳ። እሱ ነው ወላሂ! ጎረቤቴ ክንዴን ስባ አስቀመጠችኝ።

ሰው ሲበተን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፂሙ ነጥቷል፣ ወገቡ ጎብጧል፣ ዓይኑን እንደ ድሮው መሬት ላይ ጥሎታል። ሟቹ ያክስቱ ባል የአጎት ልጅ ምናምን ናቸው፤ የወሎ ዝምድና ተቆጥሮ አያልቅም።

«እታለም ሐዋ።»

«እንድሪስ። አለህ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቴሌቪዥኑስ ደረሰ?»

ነገርኩት። ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ሠሪው አንገት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ያው ሳቁ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ካርዷ አንቺ ጋ ያለች መስሎኝ እኮ!» አለ። «ያን ጧት ስታንኳኪ ልታይያት መስሎኝ ከፈትኩልሽ። ድምፅ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ማታ ወደ ነካሳ ልንሸሽ ስንወጣ ኮምፒዩተሩን ላጠፋው እጄን ሰደድኩና፣ አሁን ብታንኳኳስ ብዬ ተውኩት። እንደበራ ነው የቀረው። ከዓመታት በኋላ እኔንም ዳገቱ ላይ ያዙኝና ወዳገር መለሱኝ።»

ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ስለ ሌላ ለቅሶ አለቀስኩ። አላፊው ሁሉ ለሽማግሌው መስሎት «አብሽሪ» ይለኛል።

«አብሽሪ፣» አለኝ እንድሪስም። «ወላሂ አላያትም ብዬሽ አላየኋትም። መልኳን አላውቀውም። አልሰማትም ብዬ ግን አልማልኩም።»

ገባኝም አልገባኝም። እዚያው ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በወንድ ድምፅ የእናቴን ዱዓ ጀመረ። አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አላጎደለም፤ እሷ የምትተነፍስበት ቦታ እንኳ ይተነፍሳል።

«አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ።»

«አሚን።»

«የወጣሽበትን በር መግቢያሽ ያርገው።»

«አሚን።»

«ላብሽን በረካ ያልብሰው። የሰው አገር አፈር አይብላሽ።»

«አሚን።»

«ጎረቤትሽን ደግ ያርግልሽ» አለና ዝም አለ። ያ ቦታ የሱ ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ አሚን የሚለው እሱ ነው። አሁን ግን ዱዓ አድራጊው እሱ ሆነና አሚን የሚልለት ጠፋ። እጁን እንደዘረጋ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ይጠብቃል። እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩ፤ ቸኩዬም አላልኩት፣ መጨረሻውን ከፍ አድርጌ፣ ጎትቼ፣ ልክ እንደሱ፦

«አሚኢኢን።»